የተቆረጠችው አንዲት ደቂቃ

ፊልም ሠርቼ አውቃለሁ፤ አንድ ብቻ። ግን ሁለት ጊዜ ነው የተሠራው። አንድ ጊዜ እኔ እንደፈለግሁት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ያወጡበት ሰዎች እንደፈለጉት። ሕዝብ ያየው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውን ከእኔ፣ ከኤዲተሬና ከፕሮዲውሰሩ በቀር ያየው የለም።

የፊልም ሰዎች አዲስ አበባ ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ዓይነት ነው። «እኔ የሠራሁትማ ሌላ ነበር፤ እነሱ ቆራርጠው አበላሹት» እንላለን። በየዳይሬክተሩ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ማንም ያላየው ድንቅ ፊልም ተኝቷል፣ በወሬያችን ከሄድን። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል የዚህ እሮሮ አለቃ ነበርሁ። አሁን ያ ወሬ ሲነሳ ብርጭቆዬን ትቼ እወጣለሁ። ሰዎቹ ኩራት ይመስላቸዋል። ኩራት አይደለም። ስለዚያ ፊልም ላውራ ካልሁ ስለ አንድ ሰው ማውራት አለብኝ፤ የእሳቸውን ነገር ደግሞ ቢራ ቤት ውስጥ አላነሳም።

ያደግሁት በመተማ ቆላ፣ ገንዳ ውሃ ነው። አባቴ ሰሊጥ አራሽ ናቸው። አዲስ አበባ ሄጄ ለዓመታት የሰው ሠርግ ስቀርጽ ኖርሁና፣ የራሴን ፊልም ለመሥራት ስነሳ ከአባቴ እርሻ የተሻለ የማውቀው ቦታ አልነበረኝም። ታሪኩ ቀላል ነበር። አንድ የደጋ ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ አብሮት የወረደ ሽማግሌ በወባ ይሞትበታል፤ ወጣቱ ቀብሮት በማግሥቱ ወደ ማጭዱ ይመለሳል። ይህን እኔ አልፈጠርሁትም። ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያሉ ቀብሮችን አይቻለሁ፤ ከቀባሪዎቹ መካከል የሟቹን ያባት ስም የሚያውቅ አይገኝም ነበር።

መስከረም ሲያልቅ ካሜራ ጭነን ወረድን። ከገንዳ ውሃ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ የአባቴ እርሻ የቀን ሠራተኞች የሚያድሩበትና እኛ ካምቦ የምንለው የሣር ዳስ አለ፤ እዚያው አጠገባቸው ሰፈርን። ሙቀቱን አልነግራችሁም። ከአዲስ አበባ የመጣው ድምፅ ቀራጫችን በሦስተኛው ቀን «እዚህ አገር ነፋስ የሚባል ነገር ደርሶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሽማግሌውን ሆኖ ሊሞት የመጣው ተዋናይ ደግሞ አንዲት ትዕይንት ሳይሠራ እውነተኛ ወባ ያዘውና በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ሰደድነው።

እንግዲህ ሟች አጣን። ከሠራተኞቹ አንዱን ለመንሁ፤ ሁለተኛውን ለመንሁ። ከፍኖ ቃሬዛ ላይ የሚያስተኛ ሥራ ማንም አልፈለገም። «ወንድሜ፣ ሟርት ነው» አለኝ አንድ የወሎ ሰው። «ሞትማ ሳንጠራውም ያገኘናል።» ሌሎቹ ከሱ ጋር ተስማሙ፤ ለቃሬዛ ተሸካሚነት ግን ሁሉም እጁን አወጣ።

በዚህ መሐል የካምቦው ውሃ ቀጂ በርሜላቸውን አስቀምጠው ወደኔ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የፊት ጥርሳቸው የጎደለ፣ ስድሳ የሚጠጉ የጎጃም ሰው ናቸው። ታሪካቸውን ካምቦው ሁሉ ያውቀዋል። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ አንዲት ሴት ልጃቸውን ለዘመድ አደራ ሰጥተው ለአንድ አጨዳ ብቻ ወረዱ። የመጀመሪያውን ዓመት ታመው ከረሙ። ባዶ እጄን ከምመለስ ለመጪው ዓመት ብለው ቆዩ፤ መጪው ዓመትም እንደዚያው ሆነ። አጨዳው ሲያቅታቸው ውሃ ቀጂ ሆኑ። ልጅቷ ስልክ የላትም፤ እሳቸው መጻፍ አያውቁም። በሚመለስ ሰው አፍ የላኩት ቃል ይድረስ አይድረስ ሳያውቁ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ።

«እኔ እተኛላችኋለሁ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሟርት ነው ይላሉ እኮ።»

«ለኔ ምን ሟርት አለብኝ? ካገሬ ከወጣሁ ዠምሮ ለልጀ ሙት ነኝ።» ወደ ካሜራው በአገጫቸው አመለከቱ። «ይህ ነገር እኛ አገር ይደርሳል?»

«በየሰው ስልክ ይደርሳል» አልኋቸው።

«እንግዲያ ሞቸ ስጨርስላችሁ ለልጀ አንዲት ቃል ልናገር። አደራህን እሷን እንዳትቆርጣት።»

ቀኑን ሙሉ «ከት! ከት!» እያልሁ ስጮህ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀው «ቁረጥ» ማለት ነው ተብለው ኖሯል። «አባቴ ይሙት፣ አልቆርጣትም» አልሁ። አባቴ አጠገቤ ቆመው ነበርና «በኔ ሞት ስትምል እያስተዋልህ» ብለው ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን።

በማግሥቱ ሞቱልን። ፊታቸው ሳይሸፈን ካሜራውን አስጠግቼ ረጅም ጊዜ ቀረጽኋቸው፤ ከዚያ ተከፈኑ፤ ስምንት ሰዎች በቃሬዛ አነሷቸው። ለተሸካሚዎቹ አልቅሱ አላልኋቸውም ነበር። መንገድ ሳያጋምሱ ያ የወሎ ሰው ሙሾ ጀመረ። አንዱ ወንድሙን ነበር እዚህ ቆላ የቀበረው፤ አንዱ አባቱ ሲሞት አልደረሰም፤ ሁሉም የየራሱን ሰው አለቀሰ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። መቃብር ውስጥ ያስገባነው ገለባ የሞላ ጆንያ ነበር፤ ያን እያወቁ ጭምር አለቀሱ። ሽማግሌው ከቃሬዛው ተነስተው አቧራቸውን እያራገፉ «እንዲህ ከሆነስ ደግ ነው፤ አልቃሽ አላጣም» አሉ።

ከዚያ ልብሳቸውን አጥበው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። ከአንድ ሂላ ፊት አቆምኋቸው። ሂላ የምንለው ታጭዶ የታሰረውን የሰሊጥ ነዶ ቀጥ አድርገን እርስ በርሱ አስደግፈን የምናደርቅበት ክምር ነው። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ካሜራውን እንደ ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ ተናገሩ።

«ልጀ፣ እኔ ነኝ። አለሁ። መተማ ሳትደርሽ ገንዳ ውሃ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ ስትወርጅ የሽንፋን መንገድ ጠይቂ። ውሃ ቀጂው ጎጃሜ ካልሽ ሁሉም ያሳይሻል። የቀረሁት ረስቸሽ አይደለም፤ ባዶ እጀን መምጣት አፍሬ ነው። እፍረቱ ደግሞ ባመት ባመቱ እየከበደ ሄደ። እኔ መምጣቱን አልቻልሁበትም። አንች ነይና ውሰጅኝ።»

አንድ ደቂቃ ከትንሽ ሴኮንድ ነው። ካሜራውን አጥፍቼ ሳበቃም እዚያው ቆመው ነበር። «በቃ?» አሉኝ። «በቃ፣ ጋሼ» አልኋቸው። በርሜላቸውን አንስተው ወደ ውሃው ሄዱ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ከኤዲተሬ ጋር ለአራት ወር ተዘጋሁ። ወጥቶ የመጣው ፊልም ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ስክሪኑ ለትንሽ ጊዜ ይጨልማል። ከዚያ አሁን የቀበርናቸው ሽማግሌ በብርሃን ቆመው «ልጀ፣ እኔ ነኝ፤ አለሁ» ይላሉ። ከፊልሙ ሁሉ የምኮራበት ቦታ እሱ ነበር። ተመልካች እንባው ሳይደርቅ ሲደነግጥ ይታየኝ ነበር። ልብ በሉ፣ የሚታየኝ ተመልካቹ ነው። ልጅቷ አልነበረችም።

ፕሮዲውሰሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ውሉ ላይ የመጨረሻው ቅጂ የድርጅቱ እንደሆነ ተጽፎ ነበር፤ እኔም አንብቤ ነው የፈረምሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን የያዘው እሱ፣ ሞኙ ደግሞ እኔ ነበርሁ። ፊልሙን አይቶ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እያሸ «ቆንጆ ነው፤ ግን እንቅልፍ ያመጣል» አለ።

እውነቱን ነበር። ትራክተር ሲያርስ የሚያሳይ ዘጠኝ ደቂቃ ነበረኝ። «ዋናው ተዋናይ ትራክተሩ ነው እንዴ?» አለኝ። ያን ሲቆርጥ ተቆጣሁ፤ ዛሬ ሳየው መቆረጡ ፊልሙን አተረፈው። ሰዎች ዝም ብለው የሚቀመጡባቸው ብዙ ትዕይንቶች ነበሩኝ፤ ግማሹን ጣለ፤ የቀሩት ጠነከሩ። አባቴ ስለ ሰሊጥ የሚሉት አለ፤ ቀድመህ ካጨድኸው ፍሬው አይሞላም፣ ዘግይተህ ካጨድኸው መሬት ላይ ይራገፋል። እኔ ፊልሜን ማጨድ የማልደፍር ሰው ነበርሁ። እሱ ደግሞ የሰውን ማሳ በሰፊው የሚያጭድ። ሁለታችን መሐል አንድ አስተዋይ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥሩ ፊልም ይወጣ ነበር።

ካበላሸው ውስጥ አንዱ ያስቃል። ሰሊጥ ታጭዶ፣ በሂላ ቆሞ ሁለት ሳምንት ከደረቀ በኋላ ነው ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ የሚመታው። እሱ የመምታቱን ትዕይንት «ይህ ደማቅ ነው» ብሎ ከሂላው በፊት አደረገው። አይሆንም አልሁ። «ይህን ልዩነት በአገሪቱ ውስጥ ስንት ሰው ያውቃል?» አለኝ። የእኔ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያን ግን እንደ ቁም ነገር አልቆጠረልኝም።

በመጨረሻ ሁለት ነገሮች ቀሩን። አንዱ ንጋት ላይ የቀረጽሁት የሂላ ትዕይንት ነው፤ አራት ደቂቃ፣ ሰው የለበትም፣ ፀሐይ ብቻ በነዶዎቹ መሐል ቀስ ብላ ትወጣለች። ሌላው የሽማግሌው ደቂቃ ነው። «ሞቶ የተቀበረ ሰው ተነስቶ ሲናገር ሕዝቡ ግራ ይጋባል፤ ሰው አልቅሶ ይውጣ» አለ ስለ ሁለተኛው። ስለ መጀመሪያው «ይህ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም» አለ። ተጨቃጨቅን። ሲሰለቸው «እሺ፣ አንዷን ልተውልህ። ምረጥ» አለኝ።

የሂላውን መረጥሁ።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ውጭ አገር ፊልም የሚመርጡ ሰዎች እንዲህ ያለ ትዕይንት ይወዳሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። ኤዲተሬ ዘወር ብሎ አየኝና «የሽማግሌውስ?» አለ። «እሱን በኋላ በራሴ ቅጂ እመልሰዋለሁ» አልሁት። ዳይሬክተሮች ሲያወሩት የምሰማው የዳይሬክተር ቅጂ የሚባል ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ መጠጊያ ሆነኝ። የሂላውንም ቢሆን የትም የመረጠው ሰው የለም።

ፊልሙ ሲወጣ ከፊልሙ ይልቅ ማስታወቂያው ሩቅ ሄደ። ፕሮዲውሰሩ የሽማግሌውን ፊት ከመከፈናቸው በፊት፣ ቃሬዛውንና ያን የወሎ ሰው ሙሾ ይዞ አጭር ማስታወቂያ አሠራ። ገበያ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ስልክ ያለው ሁሉ ተቀባበለው። በልቅሶው ሰው ያደነቀኝ ያኔ ነው፤ እኔም አድናቆቱን ተቀበልሁ።

ገንዳ ውሃ ላይ በአንድ አዳራሽ ቀን ላይ አሳየነው። አባቴ ነበሩ፤ የካምቦው ሰዎች ነበሩ። ሽማግሌውም በታጠበ ልብሳቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ሰሊጡ በሂላ ሳይቆም ሲመታ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ምነው ልጁ፣ እርጥቡን?» አለ አንድ ገበሬ ጮኾ። ሳቁ ቀብሩ ድረስ ዘለቀ፤ የኔ አገር ሰው ያን ፊልም ከዚያ በኋላ አላመነውም። መብራት ሲበራ ሽማግሌው ከወንበራቸው አልተነሱም። ሌላ የሚመጣ መስሏቸው ነጩን መጋረጃ ያያሉ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምሁ።

«ቃሌ ቀረች?» አሉኝ።

«ለጊዜው ነው፣ ጋሼ። ሌላ ቅጂ አለ፤ እዚያ ትገባለች።»

«ይሁን» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ምናልባት ያንኑ ዕለት አንድ ነገር አደርግ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ቀጣዩ አጨዳ ሲደርስ አዲስ ሠራተኞች ወረዱ። አንደኛው ከሽማግሌው ወረዳ ነበር። ውሃ ሲቀዱለት ፊታቸውን አይቶ ጣሳውን ጣለው። «እርስዎ ሞተው የለም ወይ? ለቅሶዎን ደርሻለሁ እኮ! ውሸቴን ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ። ልጃቸው በሰው ስልክ ላይ ፊታቸውን አይታ ኖሯል። ፊልም ነው ያላትም ነበር፤ እሷ ግን የአባቷን ፊት ታውቃለች፤ የሞተ ሰው ፊትም ታውቃለች። ልብሳቸውን ዘርግታ አስለቀሰች። ተዝካር አወጣች። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ በላ።

ሽማግሌው በአባቴ ስልክ ደወሉልኝ። መጀመሪያ የሳቁ መሰለኝ። «ተዝካሬን በልተው ጨርሰዋል አሉ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ልጀ፣ እንግዲህ እንዴት ልሂድ? የሞተ ሰው በእግሩ ቢመጣባት ትደነግጣለች። ያገሬ ሰው ሰይጣን ነው ይለኛል። ይህ ልጅ ተመልሶ አየሁት ቢል፣ በሰው አፍ ብልክም፣ ማን ያምናል? የገደልኸኝ አንተ ነህ፤ አንተው አስነሳኝ። ያችን ቃሌን ይዘህ አብረኸኝ ሂድ።»

«እመጣለሁ፣ ጋሼ። ትንሽ ይታገሱኝ» አልኋቸው።

እዚህ ላይ ፕሮዲውሰር የለም። ማንም አልከለከለኝም። ያቺ ደቂቃ እጄ ላይ ነበረች፤ ስልኬ ላይ ገልብጬ በነጋታው አውቶቡስ መሳፈር እችል ነበር። እኔ ግን ሙሉውን የዳይሬክተር ቅጂ ይዤ ካልሄድሁ አልሁ። ዘጠኙን የትራክተር ደቂቃ መለስሁ፤ ከዚያ ራሴ መልሼ ቆረጥሁት። ድምፁን እንደገና አሠራሁ። ከድርጅቱ ጋር ስለ መብቱ ደብዳቤ ተጻጻፍሁ። የሙዚቃ ባለሙያው ሦስት ወር አቆየኝ። ተዘጋጅቼ ስጨርስ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ፤ ሲከፈት እኔ ሌላ ሥራ ላይ ነበርሁ። ሽማግሌው በየወሩ በአባቴ ስልክ ይደውሉና «ደረሰ?» ይሉኛል። «ሊደርስ ነው» እላቸዋለሁ። ሌላ አንድ አጨዳ እንዲሁ አለፈ። በኋላ ላይ «ደረሰ?» ማለቱንም ትተው «ደኅና ነህ?» ብቻ ይሉኝ ጀመር።

በታኅሣሥ አባቴ ደወሉ። «ጎጃሜው አረፉ» አሉኝ። ወባ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ነው የተኙት። አባቴ በከተማው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አስቀበሯቸው፤ የካምቦው ሰው ወደየአገሩ ተመልሶ ስለ ነበር ቀባሪው ጥቂት ነበር አሉ። እኔ ሳለቅስ አባቴ ስልኩን አልዘጉትም።

በመጋቢት መቃብራቸውን ልይ ብዬ ወረድሁ። በደረስሁ በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ፊልሙ የት እንደተቀረጸ ሰው እየጠየቀች ከአባቴ ቤት ደጃፍ ደረሰች። ረጅም ናት፤ ቀጭን። ሳትናገር አወቅኋት።

«ፊልሙን የሠሩት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልኋት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። እርስዎ ባያሳዩኝ እስከ ዛሬ በር በሩን እያየሁ እኖር ነበር። ለቅሶየን አለቀስሁ፤ ተዝካሩን አወጣሁ፤ ኋላም ሙሉውን ፊልም በሰው ስልክ አየሁት። እርጉዝ ሆኘ ነው እንጅ ያኔውኑ እመጣ ነበር። አሁን ልጁ ጠና። አባየ የተቀበሩበትን ያሳዩኝ።»

በፊልሙ ያየችው መቃብር ትራክተር ካረሰው ቆይቷል፤ በውስጡም የነበረው ገለባ ነው። አባቴ ከውስጥ ሆነው አዩኝ። «ውሰዳት» አሉኝ። ምን ልነግራት እንደሚገባ ግን አልነገሩኝም። ባጃጅ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ልቅሶው አወራችኝ፤ ማን ማን እንደመጣ፣ ሰው እንዴት እንዳከበረላት። አንድ ነገር ወሰንሁ። የእውነተኛውን መቃብር አሳያታለሁ፤ ቀኑን አልነግራትም። አባቷን አልቅሳ ጨርሳለች፤ ለምን ዳግመኛ ትሙት ብዬ አሰብሁ። ደግነት መስሎኝ ነበር።

መቃብሩ ግቢው ጥግ፣ ከአንድ የወንበላ ዛፍ አጠገብ ነው። ሳመችው። ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ዘገነች። ዘግና ቆየች። አንዱን ጓል አንስታ አገላበጠችው። ከዚያ ዙሪያውን መሬት አየች፤ ሌሎቹን መቃብሮች አየች፤ እነሱ ሰጥመው፣ ሣር በቅሎባቸው፣ እንደ ጥቁሩ ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቀው ነበር።

«ወንድሜ» አለች ቀና ሳትል፣ «እኛም አገር ዋልካ አለ። ይህ አፈር ክረምት አላየም።»

ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተጠግኖ ነው፣ አዲስ አፈር ተጨምሮበት ነው ልላት እችል ነበር። ጓሉ ላይ የአካፋው ልክ እንዳለ ነበር።

«መቼ ነው?» አለችኝ።

«በታኅሣሥ።»

«የትኛው ታኅሣሥ?»

«ያለፈው። ሦስት ወሩ ነው።»

ስልኬን አወጣሁ። ያን ጊዜ እንኳ ለሌላ ነገር አልነበረም፤ እኔ መናገር ስላቃተኝ እሳቸው ይናገሩ ብዬ ነው። በሁለት እጇ ያዘችው። አባቷ ከሂላው ፊት ቆመው ተናገሩ። ሕፃኑ በትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ መስታወቱን ሊነካ እጁን ይዘረጋል። ሲያልቅ «ድገሙልኝ» አለች። ደገምሁላት። ሦስተኛውን ግን አልፈለገችም።

«እኔ ለቅሶ ስቀመጥ አባየ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ውሃ ይቀዱ ነበር» አልኋት። «ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔን ይጠብቁ ነበር። ይህን ቃል ይዤላቸው እንድመጣ።»

«ይህ ቃል ፊልሙ ላይ የለም።»

«ነበረ። ተቆረጠ።»

«ማን ቆረጠው?»

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቢራ ቤቱ ስሰጠው የኖርሁት መልስ ነበረኝ።

«እኔ ነኝ» አልኋት።

አየችኝ። ከዚያ አንቀልባዋን ፈታች። «ልጁን ያዘው» አለችኝ። ከቤት ጀምሮ እርስዎ ስትለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ አንተ አለችኝ። ሕፃኑን ተቀበልኋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና አባቷን እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች።